«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች»፦ የትኛው አገሯ?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ወደ ሳቢያን በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍሬ ሳለሁ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። አማርኛዋ የኦሮምኛና የሶማልኛ ቃላት ጣል ጣል የሚሉበት፣ «አቦ» የማይለየው፣ ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አማርኛ ነበር። ስልኩን እንደዘጋች ከሹፌሩ አጠገብ የነበሩ ጎልማሳ ዘወር ብለው፣ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፤ ይህ ድብልቅ የማን አገር ጩኸት ነው? ወይ በደንቡ ተናገሪ፣ ወይ አገርሽ ግቢ» አሏት። ልጅቷ «እኔ እኮ ከዚራ ነው የተወለድኩት፣ ጋሼ» ብላ ዝም አለች። እኔ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ አባባሉ ለዚህ ሲውል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለምና።

አባባሉን የሰማሁት ገና በልጅነቴ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ በኤረር ሸለቆ ከአያቴ የማሽላ እርሻ ላይ ነው። በነሐሴ መጨረሻ፣ ማሽላው ራስ አውጥቶ ወተት መያዝ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ የእኔ ሥራ ወፍ መጠበቅ ነበር። በአራት ባላ ላይ በተሠራ ማማ ተቀምጬ፣ የጠጠር ክምር ከጎኔ አድርጌ፣ ግሪሳው እንደ ጥቁር ደመና ሲመጣ ወንጭፌን አዞራለሁ፤ ድምፄ እስኪዘጋም እጮኻለሁ። ግሪሳ በመንጋ መጥታ በመንጋ የምትሄድ ናት፤ አንድ ማሳ ላይ ካረፈች ለባለቤቱ የሚተርፈው ገለባ ነው።

ከማሳው ዳር፣ ወደ ወንዙ ባዘነበለ ግራር ላይ ግን ሌሎች ወፎች ነበሩ፤ ጎጆ የሚሸምኑት ቢጫዎቹ። ወንዱ መጥቶ ከማሽላው ቅጠል ጠርዝ ላይ ይነክስና ወደ ላይ ሲበር ቅጠሉ ረጅም ክር ሆኖ ይተረተራል። ያንን ክር ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አስሮ መጀመሪያ ቀለበት ያበጃል፤ በቀለበቱ ላይ ቆሞ፣ ምንቃሩ የደረሰበትን ያህል እየሸመነ፣ አፉ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ይሠራል። ጎረቤቱ ዞር ያለ እንደሆነ ደግሞ ከዚያ ጎጆ ላይ ያልደረቀውን ክር መዝዞ ወደ ራሱ ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠብ ለጉድ ነው፤ ሁለቱ ተያይዘው ከቅርንጫፉ ሲወድቁ፣ መሬት ሳይደርሱ ተላቅቀው እያንዳንዱ ወደየጎጆው ሲመለስና ከጎጆው ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሲንጫጫ ሙሉ ቀን ባይ አልጠግብም ነበር። ሴቷ ጎጆውን ገብታ ትፈትሻለች። ሳትወደው ቀርታ ሣሩ ከነጣ፣ ወንዱ የገዛ እጁን ሥራ አፍርሶ በዚያው ቦታ አዲስ ይጀምራል።

አንድ ቀን ወንጭፌን ወደ ግራሩ ሳነጣጥር አያቴ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ ጠጠሩን ለግሪሳው አቆየው። እነዚህ አገር እየያዙ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ።

እንግዲህ ስለ አመጣጡ ያለኝ እምነት በዚች ቃል ላይ ይቆማል። በእኔ ግምት አባባሉን ያመነጨው እንደ አያቴ ያለ፣ በጎጆ መሥሪያ ወቅት ከዛፍ ሥር የሚውል ገበሬ ነው፤ «አገር» ያለውም ወፏ የያዘቻትን ቅርንጫፍ ነው። አባቶች «ታዜማለች» ማለት አላቃታቸውም፤ «ትጮኻለች» ያሉት ድንበር የተገፋ ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ ነው። «እንደ» የሚለውም ቃል ልኬት ነው፤ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» በሚለው ውስጥ እንዳለው ማለት ነው። ወፏ በያዘቻት አገር ልክ ትጮኻለች፤ አንዲት ቅርንጫፍ የያዘች የአንዲት ቅርንጫፍ ያህል። ዝናቡ አልፎ ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ግን የወንዱ ቢጫ ላባ ይደበዝዛል፤ ክር ሲሰራረቁ የከረሙት ሁሉ በአንድ መንጋ ሆነው እህል ይለቅማሉ። አገሩም ጩኸቱም የወቅት ነበር።

ድምፅ ከቦታ ቦታ ይለያያል የሚለው የተለመደው ትርጉምም ቢሆን እውነት አለው። ፒተር ማርለር የተባለው የወፍ ድምፅ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት፣ በካሊፎርኒያ የአንድ ዝርያ ድንቢጦች ከሰፈር ሰፈር የተለያየ ዜማ እንዳላቸው አሳይቷል። ከዚያ የተከተለው ሥራ ደግሞ የበለጠ ይገርማል፤ ጫጩቷ የሰፈሯን ዜማ የምትይዘው በሕይወቷ የመጀመሪያ ሳምንታት ከአካባቢዋ ሰምታ ነው። ወላጆቿ ከየትም ይምጡ፣ የምትጮኸው ጆሮዋ የተከፈተባትን አገር ጩኸት ነው። በሌሎች ብዙ ዝርያዎች ላይ እንደታየውም፣ ድንበሩ አንዴ ከታወቀ ወፍ የምታውቀውን የጎረቤቷን ድምፅ ስትሰማ፣ የእንግዳውን ስትሰማ ያህል አትቆጣም።

ታዲያ የከዚራዋ ልጅ ያጠፋችው ምንድን ነው? ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ሐረሪኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ ዐረብኛውንና አማርኛውን ከአንድ በር ሲወጡ እየሰማ ነው አፉን የሚፈታው። ደንገጎን ወርዶ ድሬ የገባም ያንኑ ያገኛል፤ ባቡሩ ያመጣው ሰው ሁሉ ተጨምሮበት። ልጅቷ በአባባሉ ቃል በቃል ብትመዘን እንኳ እንዳገሯ ጮኻለች፤ ከተናጋሪው በተሻለ።

ጎልማሳው ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚል፣ ከበሬና ከሣር የመጣ ሌላ ምሳሌ አለ፤ ባዕድን ለመግፋት ከፈለጉ ኃላፊነቱን ወስደው እሱን ይጥቀሱ። ሁለቱን አባባሎች እንደ አንድ መቁጠር በቅርብ ጊዜ የበዛ ስንፍና ነው፤ በሬዲዮም በስብሰባም እየሰማሁት ነው። አያቴ ጠጠር እንዳይወረወርባት እጄን ይዘው የነገሩኝን ቃል ዛሬ ጠጠር አድርገው ሲወረውሩት ዝም ብዬ በመውረዴ እስካሁን ይቆጨኛል።