ከለገሃር እስከ ለቡ፦ የአዲስ አበባ የመንገደኛ ባቡር

አዲስ አበባ ሁለት የመንገደኛ ባቡር አላት። አንዱ በከተማው ውስጥ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር ነው። ሌላው ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው ነው። ሁለቱ የትም ቦታ አይገናኙም። የከተማዋን የባቡር ታሪክ ለመረዳት ከዚህ ክፍተት መነሳት ይሻላል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረምና።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍነ የኢልግ ሸሪክ ነበር። ግንባታው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ ባቡሩ ሜዳውን ይዞ ሄደና በታኅሣሥ 1895 ባዶ በነበረ ስፍራ ላይ ቆመ። ድሬዳዋ የተወለደችው እዚያ ነው። የከተማዋ ሰፈር የከዚራ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያጠላባቸው መንገዶች፣ የጥገና ወርክሾፖቹ፣ ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፉት አንጋፋ የባቡር ሠራተኞች ሁሉ የሐዲዱ ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ በ1900 ሌላ ፈቃድ ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር።

በ1922 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ በከተማው እምብርት ላይ ተሠራ። ሕዝቡ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ ሰምቶ ሰፈሩን ለገሃር አለው። ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ከፉርጎ ሲወርድ ከተማው መሐል ነው፤ አልጋውም፣ ምግቡም፣ ወደየሰፈሩ የሚወስደው አውቶቡስም እዚያው አጠገቡ ነበር። እኔ የድሮው ባቡር ትልቁ ሀብት ይኼ ይመስለኛል። ፍጥነት አልነበረውም፤ ነገር ግን መንገደኛውን ከሚፈልገው ቦታ ያደርሰው ነበር። በየጣቢያው ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ውሃ ይዘው የሚጠብቁት ሴቶች ኑሮ በባቡሩ ሰዓት የተቆረጠ ነበር።

መስመሩ ብዙ ክፉ ቀን አይቷል። በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ጦርነት ተቆረጠ። ጥር 6 ቀን 1977 ደግሞ አዋሽ አካባቢ አንድ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አሰቃቂ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሐዲዱ እርጅናና የመለዋወጫ እጦት እያየሉ ሄደው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቀረ።

አዲሱ የጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ነው። ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ የመንገደኛ ባቡሩ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። የገነቡት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የባለቤትነት ድርሻው ለኢትዮጵያ 75፣ ለጅቡቲ 25 በመቶ ነው። ዋና ገቢው የጭነት ነው፤ የመንገደኛው አገልግሎት ከኋላ ይከተላል። ባቡሩ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮችን መሬት ስለሚያቋርጥ ግመልና ከብት መግጨቱ፣ የኤሌክትሪክ መቆራረጡም፣ ጉዞውን ሲያዘገዩት ቆይተዋል።

ቀላል ባቡሩ ሌላ ታሪክ አለው። ግንባታው በ2004 ተጀመረ፤ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የሰሜን ደቡቡ መስመር፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ። የምሥራቅ ምዕራቡ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ተከተለ። በሁለቱ ላይ 39 ጣቢያዎች አሉ፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የጋራ ናቸው። ሲከፈት ዋጋው ከ2 እስከ 6 ብር ስለነበር የቀን ሠራተኛውም ተማሪውም ተሳፈረበት። አንድ ባቡር ወደ 300 ሰው ይይዛል፤ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ታክሲ ቢሰላ ከ20 ታክሲ በላይ መሆኑ ነው። ማለዳ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ግን ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ቆሙ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ የትኬቱ ዋጋ ደግሞ የሥራ ማስኬጃውን እንኳ አይሸፍንም። ባቡር ሲያንስ ፌርማታ ላይ የሚጠበቅበት ጊዜ ይረዝማል፣ የመጣውም ጢም ብሎ ይመጣል፣ መንገደኛውም ተስፋ ቆርጦ ወደ ታክሲና ሃይገር ይመለሳል። በአጥር የታጠረው ሐዲድም ፊት ለፊት የነበሩ ሰፈሮችን ለያይቷል፤ ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚሄዱት አዛውንቶችና ዕቃ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። አዲስ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት የቆሙትን ባቡሮች መጠገኛ ገንዘብ በየዓመቱ በበጀት ሊያዝ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ብድሩም የሕዝብ ዕዳ ነው።

ሌላው ሥራ ማገናኘት ነው። ዛሬ ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ለቡ ሲወርድ ቀላል ባቡር አያገኝም፤ ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ይፈልጋል። ለገሃር ላይ ደግሞ ቀላል ባቡሩ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ቢያልፍም ከዚያ ጣቢያ የሚነሳ የሩቅ አገር ባቡር የለም። በሰሜን በኩል ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር በቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ሲገነባ ቆይቷል። መስመሩ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት ሲጀምር ከኮምቦልቻ የተሳፈረ ሰው አዋሽ ላይ ወደ ጅቡቲው ሐዲድ ይገባል። አዲስ አበባ ሲደርስ የሚወርደውም ያው ለቡ ነው።