ቅሬና ብሎክቼይን፦ ማኅበር ሲያድግ ደንቡ የማን ነው?

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። ቅሬተኛው አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። የቀረ ይቀጣል። የቅሬው ዳኛ ራሱ ቢቀር አይማርም።

ስለ ብሎክቼይን ማኅበረሰቦች ልጽፍ ብዬ ከቅሬ የጀመርኩት ለጨዋታ አይደለም። ሁለቱም በደንብ የቆሙ ማኅበሮች ናቸው። ሁለቱም ሲያድጉ አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ይገጥማቸዋል። አንዱ ወገን «ስንመሠርተው እንዲህ አልነበረም» ይላል። ሌላው «ጊዜው ተቀይሯል» ይላል።

ብሎክቼይን በአጭሩ ባለቤት የሌለው የሒሳብ ደብተር ነው። የቅሬ ደብተር ጸሐፊው ቤት ይቀመጣል። የብሎክቼይኑ ግን ቅጂው በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ አለ። አንዱ ቢሰርዝ ቢደልዝ የሌሎቹ ያጋልጡታል። የመጀመሪያው ቢትኮይን ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የቀረበው ባለ 9 ገጽ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ወጣ። መዝገቡ ደግሞ በጃንዋሪ 2009 ሥራ ጀመረ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ (ብሎክ ይሉታል) ላይ የአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ርዕስ ተጽፏል፤ መንግሥት ባንኮችን ለሁለተኛ ጊዜ ሊደጉም መቃረቡን የሚናገር። የመሥራቹ ቅሬታ ከምን እንደተነሳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። መነሻው ይህ ነበር፦ ባንክ መሐል አይግባ፣ ከ21 ሚሊዮን ሳንቲም በላይ አይኑር፣ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ማጣራት ይቻለው።

ቢትኮይነኞች «አትመን፣ አጣራ» የሚሉት ነገር አላቸው። ባቲን ለመሰለ ገበያ ይህ ብርቅ አይደለም። በጠገራ ብር ዘመን ሰው ብሩን የሚቀበለው የማሪያ ትሬዛ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥሮ ነበር። ካልሞላ ይመልሰዋል። ብሩ ከማን እጅ እንደመጣ ግድ አይሰጠውም።

ጣጣው የመጣው ሰው ሲበዛ ነው። ቢትኮይን በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ገጽ ይጽፋል። የገጹን መጠን ራሱ ሳቶሺ በ2010 በ1 ሜጋባይት ወስኖት ነበር። ይህ በሰከንድ ቢበዛ 7 ያህል ክፍያ ነው። ገጹ እየተጣበበ የማስተላለፊያ ዋጋው ይንር ጀመር። በ2017 መጨረሻ ላይማ የአንድ ክፍያ ዋጋ በአማካይ ከ50 ዶላር አለፈ። በጊዜው ምንዛሪ ከ1,300 ብር በላይ ማለት ነው። ቡና ለመጠጣት እንዲህ ያለ ገንዘብ ማን ይከፍላል? ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት፣ ጥበቱ ሲጀምር አንዱ ወገን ገጹ ይስፋ አለ። ሌላው ደግሞ ገጹ ከሰፋ ደብተሩ ይከብዳል፣ ተራው ሰው ቤቱ ሊይዘው አይችልም፣ በመጨረሻ ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ይገባል አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አልተስማሙምና በኦገስት 2017 ተለያዩ። 8 ሜጋባይት የመረጠው ወገን ቢትኮይን ካሽ ሆነ።

ቅሬም ይሰነጠቃል። ልዩነቱ ቅሬ ሲከፈል ድስቱና ድንኳኑ ያጣላል። ብሎክቼይን ሲከፈል ግን ደብተሩ ለሁለቱም ይባዛል። 1 ቢትኮይን የነበረው ሰው በማግስቱ ከሁለቱም 1፣ 1 ኖረው። ድስት እንዲህ ቢባዛ ኖሮ ስንት ሽማግሌ ባረፈ!

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ኢቴሪየም የሚባለው ሌላ ብሎክቼይን ነገር ነው። በ2015 ሥራ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት «ዘ ዳኦ» የሚባል የጋራ ካዝና ተቋቁሞ 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰበሰበበት። የሚያስተዳድረው ሰው ሳይሆን ኮድ ነበር። ኮዱ ውስጥ ቀዳዳ ነበረና በጁን 2016 አንድ ያልታወቀ ሰው 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም ሳንቲም)፣ በጊዜው ዋጋ 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ይዞ ወጣ። ነገር ግን ምን ደንብ ጣሰ? ኮዱ ፈቅዶለታል። «ኮድ ሕግ ነው» ሲሉ የከረሙት አሁን አጣብቂኝ ውስጥ ገቡ። ብዙኃኑ መዝገቡን ቀይሮ ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መለሰ። እምቢ ያሉት ኢቴሪየም ክላሲክ ተብለው አሮጌውን መዝገብ ይዘው ቀሩ።

ደሴ ውስጥ አንድ የቅሬ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ ሰውዬ ሚስቱን ምጥ ይዟት ቀብር ቀርቷል። ደንቡ ላይ ስለ ምጥ የተጻፈ ነገር የለም። ግማሹ ይማር፣ ግማሹ ይቀጣ አለ። «ዛሬ ምጥ ካልን ነገ ጉንፋን ይመጣል» አሉ አንድ አባት። ሰውየው ቅጣቱን ከፈለ፣ ደብተር ላይም ተጻፈ። ከዚያ ጎረቤቶቹ በር ላይ ከየኪሳቸው አዋጥተው «አብሽር» ብለው እጁ ላይ አስቀመጡለት። ኢቴሪየሞች ይህን መንገድ አልሞከሩም ብሎ መውቀስ ግን ይከብዳል። 50 ሚሊዮን ዶላር በር ላይ አይዋጣም።

በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የመዝገብ አያያዙን ለወጠና የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። ነገር ግን አዲሱ አሠራር ለመዝጋቢነት 32 ኢተር ማስያዝን ይጠይቅ ነበር። የሌለው ሰው ያለውን ለሰብሳቢዎች ይሰጣል። ሰብሳቢዎቹም በዚያው ይገዝፋሉ። በሌሎች ብዙ አዳዲስ ማኅበረሰቦች ደግሞ ድምፅ የሚቆጠረው በሳንቲም ብዛት ነው። ቅሬ ውስጥ ባለ ሱቁም የቀን ሠራተኛውም አንድ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። እኔ በዚህ በኩል ለቅሬ አደላለሁ።

እኛ አገር ነገሩ ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ ከሚባል ብሎክቼይን ሠሪዎች ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ ስምምነት መደረጉ ተነግሮ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2022 በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ገንዘብ) መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። የመብራትና የኔትወርክ ጣጣም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሁለቱም ተቋርጠው ነበር። ጡሩምባ ባትሪ አይፈልግም።

ቅሬም ግን እንዳለ አልቀረም። ዐረብ አገር ያሉ ልጆች መዋጯቸውን በስልክ ይልካሉ። አካፋ ግን አይዙም። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «ልጄ ከሁላችሁ በላይ ትከፍላለች፣ ድምፅ የላትም?» ብለው ተነሱ። ዳኛው ደብተሩን ገለጡ፣ መልሰው ዘጉ። በሚቀጥለው ወር ይታይ ተባለ።