የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማትና የአሸናፊዎቹ አመራረጥ

የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በአገሪቱ የማስታወቂያና ብሮድካስቲንግ ሚኒስቴር ሥር የሚካሄድ ሲሆን፣ ለፊልም ሥራ ከሚሰጡ የህንድ መንግሥት ዕውቅናዎች መካከል በታላቅነቱ የታወቀ ነው። አሸናፊዎቹ በተመልካች ድምፅም ሆነ በትኬት ገቢ አይለዩም፤ ዳኞች ፊልሙን አይተው፣ ተከራክረውና ተስማምተው ይመርጧቸዋል። በአገራችን ሲኒማ ቤቶች ለዓመታት ሲታይ የኖረው “የህንድ ፊልም” በአብዛኛው በሙምባይ በሂንዲ የተሠራው በመሆኑ፣ ይህ ሽልማት ለእኛ ተመልካች ያለው ትልቅ ጥቅም ከሂንዲ ውጭ ያለውን ሰፊና ባለጸጋ ሲኒማ ማሳየቱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽልማቱ በ1954 ሲጀመር ስሙ “የመንግሥት የፊልም ሽልማት” ነበር፤ ለውድድር የቀረቡትም በ1953 የወጡ ፊልሞች ነበሩ። የመጀመሪያውን የፕሬዚዳንቱን የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው በማራቲ ቋንቋ የተሠራው፣ የአንዲትን እናትና የልጇን ሕይወት የሚተርከው የፒ. ኬ. አትሬ “ሽያምቺ አይ” ነው። በዚያው ዙር የቢማል ሮይ “ዶ ቢጋ ዛሚን”፣ መሬቱን ከአበዳሪ እጅ ለማስለቀቅ ካልካታ ወርዶ ሪክሾ የሚጎትት ገበሬ ታሪክ፣ የምስክር ወረቀት ብቻ አግኝቷል። የሂንዲ ሲኒማ ገበያውን በሰፊው በያዘበት ዘመን የወርቁ ሜዳሊያ ለማራቲ ፊልም መሰጠቱ የሽልማቱን ጠባይ ከጅምሩ የወሰነ መልካም እርምጃ ነበር። በሁለተኛው ዙር በየክልሉ ቋንቋ ለተሠሩ ምርጥ ፊልሞች የብር ሜዳሊያ ተጨመረ። በሦስተኛው ዙር ደግሞ የወርቅ ሜዳሊያው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ላወጣበት፣ በቤንጋሊ ለተሠራው የሳትያጂት ራይ የመጀመሪያ ፊልም “ፓተር ፓንቻሊ” ተሰጠ። ራይ ከዚያ በኋላ በምርጥ ዳይሬክተርነት ብቻ ስድስት ጊዜ ተሸልሟል።

የተዋንያን ሽልማት ዘግይቶ የመጣ ነው። ለ1967 ፊልሞች ኡታም ኩማርና ናርጊስ የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች ሆኑ። ለዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ የሚሰጠው የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት በ1969 ተመሥርቶ በቅድሚያ ለተዋናይት ዴቪካ ራኒ ተበረከተ። በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት ሻባና አዝሚ አምስት ጊዜ (ሦስቱን በተከታታይ)፣ አሚታብ ባቻን አራት ጊዜ በምርጥ ተዋናይነት አሸንፈዋል።

የአመራረጡ ሥርዓት እንዲህ ነው። ለውድድር የሚቀርበው ከጥር 1 እስከ ታኅሣሥ 31 ባለው ጊዜ ውስጥ ከማዕከላዊው የፊልም ማረጋገጫ ቦርድ ፈቃድ ያገኘ ፊልም ነው፤ የሌላ ፊልም ድምፅ ተቀይሮ የተዘጋጀ ቅጂ ተቀባይነት የለውም። የትርጉም ጽሑፍ ከሥር እንዲኖረውም ይጠየቃል፤ ምክንያቱም አንድ ዳኛ ሁሉንም ቋንቋ ሊሰማ አይችልም። ከ57ኛው ዙር ወዲህ የረጅም ልብ ወለድ ፊልሞች ዳኝነት በሁለት ደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ የሰሜን፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና ሁለት የደቡብ ቡድኖች የየክልላቸውን ፊልሞች ያጣራሉ፤ ለምሳሌ የታሚልና የማላያላም ፊልሞች ለአንደኛው የደቡብ ቡድን፣ የቴሉጉና የካንናዳ (እንደ ሌሎቹ ሁሉ የደቡብ ህንድ ቋንቋ ነው) ፊልሞች ለሌላኛው ይደርሳሉ። ከዚያ የአምስቱ ቡድኖች ሰብሳቢዎች ከሌሎች አባላት ጋር በማዕከላዊው ዳኝነት ተቀምጠው የመጨረሻውን ውሳኔ ይሰጣሉ። የክልሉን ፊልሞች በሙሉ ያየ ሰው በማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ መገኘቱ የዚህ አሠራር ዋና ብርታቱ ነው። ውይይቱ ምስጢር ነው፤ በውሳኔው ላይ ይግባኝ አይባልም፤ ለሽልማት የሚመጥን ሥራ ካልተገኘም ዘርፉ ያለ አሸናፊ ሊታለፍ ይችላል። ዘጋቢና አጫጭር ፊልሞች እንዲሁም ስለ ሲኒማ የሚጻፉ ጽሑፎች የየራሳቸው ዳኞች አሏቸው።

ዳኞቹን የሚሰይመው መንግሥት በመሆኑ፣ ምርጫው በሥልጣን ላይ ወዳለው ወገን ያዘነብላል የሚል ትችት በየጊዜው ይነሣል። ትችቱ የበረታው በ2025 “ዘ ኬራላ ስቶሪ”፣ የደቡቧ ኬራላ ግዛት ሴቶች ሃይማኖታቸውን ቀይረው አሸባሪ ቡድን ሲቀላቀሉ የሚያሳየው አወዛጋቢ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ሲያገኝ ነው፤ የኬራላ ዋና ሚኒስትር ውሳኔውን በይፋ ተቃውመዋል። ከሰባት ዓመት ቀደም ብሎም በ2018 ፕሬዚዳንቱ 11 ሽልማቶችን ብቻ በእጃቸው እንደሚሰጡ፣ የቀሩትን የማስታወቂያና ብሮድካስቲንግ ሚኒስትሯ እንደሚያበረክቱ በመነገሩ ከ50 በላይ ተሸላሚዎች ከሥነ ሥርዓቱ ቀርተዋል። ቅሬታቸው ተገቢ ነበር፤ ከአገሪቱ ርዕሰ ብሔር እጅ መቀበል ለአንድ የድምፅ ባለሙያ ወይም አርታኢ ከገንዘቡ በላይ የሚከብር ነገር ነው።

ሽልማቱን ለረጅም ጊዜ ያስተዳደረው የፊልም ፌስቲቫሎች ዳይሬክቶሬት በ2022 ከብሔራዊው የፊልም ልማት ኮርፖሬሽን ጋር ተዋህዷል። ከ70ኛው ዙር ጀምሮ የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር የኢንድራ ጋንዲና የተዋናይቷ የናርጊስ ስም ከሽልማት ዘርፎች መጠሪያነት ወጥቷል። ገንዘቡም ለወርቅ ሎተስ (እንደ ምርጥ ፊልም ላሉ ዋና ዘርፎች የሚሰጠው ሜዳሊያ) 300,000፣ ለብር ሎተስ (ለሌሎቹ ዘርፎች የሚሰጠው) 200,000፣ ለዳዳሳሄብ ፋልኬ ደግሞ 1,500,000 ሩፒ እንዲሆን ተደርጓል።