ፕሮባዮቲክ በዓሣ እርባታ፦ ምንድን ነው?

ላም እበቷን ጥላ ትሄዳለች። ዓሣ ግን የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ኩሬው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ወይ በአፉ ወይ በስንጥቡ ያገኘዋል። ፕሮባዮቲክ የሚባለው ከዚህ ሁሉ መካከል ተመርጦ፣ ዓሣውን እንዲጠቅም በብዛት የሚሰጥ ሕያው ተሕዋስ ነው፤ በተለይ ባሲለስ፣ ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስ።

ነገሩ የእንጀራ እርሾን ይመስላል። እርሾ የምንጥለው የምንፈልጋቸው ተሕዋስያን ሊጡን ቀድመው እንዲይዙት አይደል? በዓሣ አንጀትም ወዳጆቹ ባክቴሪያዎች በሽታ አምጪዎቹን እነ ኤሮሞናስን ምግብና ቦታ ይሻማሉ፣ አሲድ ያመነጫሉ፣ መኖ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ይጨምራሉ። የዓሣው ጫጩት አስኳሉን ጨርሶ አፉን ሲከፍት አንጀቱ ገና ባዶ ቤት ነውና፣ ያኔ መጀመር ይመረጣል። ልዩነቱ፣ እርሾ ቡሃቃው ውስጥ ይከርማል፤ ፕሮባዮቲክ ግን መስጠቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጀቱ ይጠፋል።

በብዙ ሙከራዎች የሚሰጠው በ1 ግራም መኖ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ነው፤ በሕይወት ያለውን ማለቴ ነው። ባሲለስ ሙቀትና ድርቀት የሚችል ስፖር (ባክቴሪያው ተኝቶ ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ስለሚሠራ መኖው በማሽን ሲጨመቅም ይተርፋል። ላክቶባሲለስ አይችልም። ስለዚህ መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ የፕሮባዮቲኩን ዱቄት በጥቂት ዘይት በጥብጦ ፍሬው ላይ መለወስ ነው፤ ያለ ዘይት ከተነሰነሰ ውኃ እንደነካው ታጥቦ ይቀራል።

የአውሮፓ ኅብረት ዕድገት ለማፋጠን የሚሰጥ አንቲባዮቲክን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከእንስሳት መኖ አግዷል፤ በ2009 ደግሞ ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲን ለሳልሞን ዝርያዎችና ለሽሪምፕ መኖ ፈቅዷል። ይህ ማለት ግን ፕሮባዮቲክ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። የታመመ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በፕሮባዮቲክ ይድናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ከአንቲባዮቲክ ጋር አንድ ላይ ከተሰጠ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ሊፈጀው ይችላል።

ውኃ ያጠራል ተብሎ ኩሬ ውስጥ የሚበተነውን ፕሮባዮቲክ በበኩሌ ብዙም አላምነውም። የሙከራዎቹ ውጤት እርስ በርሱ ይለያያል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በአፈር ኩሬ ውስጥ ድሮም አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጥራቸው ኦክስጅን ነው። ማለዳ ዓሦቹ ውኃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ካያችሁ፣ ገንዘባችሁን ለፕሮባዮቲክ ዱቄት አታውጡ። መኖ ቀንሱ፣ ንጹሕ ውኃ ልቀቁበት።