የቼዝ ጨዋታን በኮምፒውተር መተንተን

የቼዝ ትንተና ያለቀን ጨዋታ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ አንሥቶ መመርመር፣ ስሕተቱ የት ላይ እንደተፈጠረና በምትኩ ምን ቢደረግ ይሻል እንደነበር ማጣራት ነው። ተጫዋቾች ለብዙ ዘመን ይህን ሲያደርጉ የኖሩት በሰሌዳና በማስታወሻ ደብተር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ጨዋታው ባለቀበት ጠረጴዛ ላይ ከተጋጣሚያቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ግን ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው ኢንጂን በሚባል ፕሮግራም እገዛ ነው። ኢንጂኑ በተራ ስልክ ላይ ሆኖ እንኳ ከዓለም ሻምፒዮኑ ይበልጣል፤ ነገር ግን ያየውን አያስረዳም፣ የሚሰጠው ቁጥርና ተከታታይ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር መተንተንን የሚማር ሰው ዋና ሥራው ቁጥሩን ወደ ምክንያት መለወጥ ነው።

የሐሳቡ ዕድሜ ከኮምፒውተሩ ዕድሜ ብዙም አያንስም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ማሽን ቼዝ የሚጫወትበትን መንገድ ነደፈ፤ ማሽኑ የራሱንና የተጋጣሚውን እንቅስቃሴ እየተፈራረቀ ወደፊት ያሰላል፣ የደረሰበትን አቋም (የቁራጮቹን አቀማመጥ) በነጥብ ይመዝናል፣ ከዚያም ተጋጣሚው የቻለውን ያህል ቢከላከል እንኳ የተሻለ ውጤት የሚያስገኘውን ይመርጣል። የዛሬዎቹ ኢንጂኖች ብዙዎቹ በመሠረቱ አሁንም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ለትንተና ግን መጀመሪያ የጠቀመው የማሽኑ ስሌት ሳይሆን የማስታወስ ችሎታው ነበር። በ1980ዎቹ በጀርመን ሃምቡርግ የተሠራው ቼዝቤዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን አከማችቶ በተጫዋች ስም ወይም በመክፈቻ ዓይነት መፈለግ አስቻለ። የሶቪየት ኅብረቱ ታላቅ ተጫዋች ጋሪ ካስፓሮቭ በ1985 ከአንድ የሃምቡርግ ቡድን ስምንት ተጫዋቾች ጋር በአንድ ጊዜ ተጫውቶ በጠባብ ልዩነት ተሸንፎ ነበር፤ በ1987 ተጋጣሚዎቹ ቀደም ሲል የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች በዚህ ፕሮግራም አጥንቶ ሲመለስ 7 ለ 1 አሸነፈ። ያው ካስፓሮቭ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1997፣ ኒውዮርክ ላይ በአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ 3.5 ለ 2.5 ተረታ። ያ ማሽን በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ገደማ አቋሞችን ይመረምር ነበር፤ ማንም ተማሪ ቤቱ ሊያስገባው የሚችል ዕቃ ግን አልነበረም።

የዛሬ ተማሪ በእጁ ያለው ስቶክፊሽ የተባለው ኢንጂን ነው። በ2008 ጣልያናዊው ማርኮ ኮስታልባ የኖርዌያዊውን የቶርድ ሮምስታድን ፕሮግራም መነሻ አድርጎ ጀመረው፤ ስያሜውም ኖርዌይ ውስጥ ደርቆ ጣልያን ውስጥ ከሚበስለው ዓሣ የመጣ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ አጠቃቀሙም ነፃ ነው። በ2017 መጨረሻ የጎግል ንብረት የሆነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዲፕማይንድ ያስተዋወቀው አልፋዜሮ የተባለ ፕሮግራም ከሕጉ በቀር ማንም ምንም ሳያስተምረው ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተምሮ፣ ስቶክፊሽን በ100 ጨዋታ 28 ጊዜ አሸንፎ በ72ቱ አቻ ሲወጣ፣ የነርቭ መረብ የሚባለው፣ ማሽኑ ከብዙ ምሳሌ እየተማረ የሚመዝንበት ስልት በቼዝ ውስጥ ቦታውን ያዘ። ስቶክፊሽም በ2020 ለአቋም ምዘና የራሱን አነስተኛ የነርቭ መረብ ጨመረ። ኢንተርኔት እንደልብ ለማይገኝበት ሰው ደግሞ ድሮይድፊሽን የመሰለ መተግበሪያ አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚያየው ነጥቡን ነው። ዜሮ እኩልነትን፣ የመደመር ምልክት የነጭን፣ የመቀነስ ምልክት የጥቁርን ብልጫ ያሳያል። መለኪያው በልማድ ወታደር ነው፤ ፈረስና ጳጳስ ሦስት ወታደር፣ ግንብ አምስት፣ ንግሥት ዘጠኝ ያህል እንደሚያወጡ ይገመታል። ሆኖም ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በስቶክፊሽ አንድ ነጥብ ማለት፣ ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ጨዋታውን ቢቀጥል ብልጫ ያለው ወገን የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው ማለት ሆኗል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነጥቡ የሚናገረው ሁለት እንከን የለሽ ተጫዋቾች ስለሚያደርጉት እንጂ፣ አምስት ደቂቃ የቀረው ጀማሪ በዚያ አቋም ስለሚገጥመው ችግር አይደለም። ከነጥቡ አጠገብ የሚታየው ጥልቀት ፕሮግራሙ ስንት እንቅስቃሴ ወደፊት እንዳየ ይጠቁማል፤ ጥልቀቱ ገና ሲጨምር ምርጫውም ሊለዋወጥ ስለሚችል የመጀመሪያዋን ሴኮንድ መልስ ይዞ መሄድ ያሳስታል።

አንድ የታወቀ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ (የሰሌዳው ቤቶች የሚጠሩት ከኤ እስከ ኤች ባሉ የዓምድ ፊደላትና ከ1 እስከ 8 ባሉ የረድፍ ቁጥሮች ነው)። ነጭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፣ ጥቁርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ወደ ሲ6 ያወጣሉ፤ የነጭ ጳጳስ ወደ ሲ4፣ የጥቁር ሁለተኛ ፈረስ ወደ ኤፍ6 ይመጣሉ። ነጭ ፈረሱን ጂ5 ላይ አድርጎ ኤፍ7ን ሲያስፈራራ ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ይገፋል፣ ነጭም ይበላዋል። እዚህ ላይ ጀማሪ ያለማመንታት በፈረሱ መልሶ ይበላል። ኢንጂኑ ሲከፈት ከእኩልነት ብዙም ያልራቀው ነጥብ በግልጽ ወደ ነጭ ያጋድላል፤ በምትኩ የሚመክረውም የሲ6ን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስዶ ጳጳሱን ማስፈራራት ነው። ብዙ ተማሪ «ስሕተት» የሚለውን ቀይ ምልክት አይቶ ያልፋል፤ የተማረው ነገር ግን የለም።

ምክንያቱ የሚገኘው የተነቀፈውን እንቅስቃሴ በሰሌዳው ላይ አድርጎ ኢንጂኑን «ታዲያ ምን ትቀጣኛለህ?» ብሎ ሲጠይቁት ነው። የነጭ ፈረስ ኤፍ7 ላይ ራሱን ይሰዋል፤ የጥቁር ንጉሥ ይበላዋል፤ የነጭ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ሆና ቼክ ትላለች። በዚያች ቅጽበት ዲ5 ያለው የጥቁር ፈረስ በንግሥቲቱና በጳጳሱ ተይዟል፤ ስለዚህ ንጉሡ ፈረሱን ለማዳን ወደ ኢ6፣ ማለትም ወደ ሰሌዳው መካከል መውጣት ይገደዳል፤ ቀጥሎ ደግሞ የነጭ ሌላኛው ፈረስ ሲ3 ላይ መጥቶ ጫናውን ይጨምራል። አሁን ቁጥሩ ምክንያት አግኝቷል። ኢንጂኑ ለነጭ ሌላ፣ መሥዋዕት የሌለበት አማራጭም ያሳያል፤ ወታደሩን ወደ ዲ4 ገፍቶ መሐሉን መክፈት። የትኛው ለሰው እንደሚመች መወሰን የተማሪው ፋንታ ነው።

ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች ተማሪው ጨዋታውን መጀመሪያ ኢንጂኑን ሳይከፍት በራሱ እንዲተነትን፣ ያሰበውንና የፈራውን ጽፎ እንዲያስቀምጥ የሚያዙትም ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማሽኑ ያሳየውን ሁሉ ሰው «እኔም አይቼው ነበር» ይላል፤ ይህ ከንቱ ኩራት ሳይሆን አእምሮ በእርግጥ የሚሠራው ተንኮል ነው። ማስታወሻው ግን አይዋሽም። ብዙ ፕሮግራሞች በሦስትና አራት መስመር የተለያዩ አማራጮችን ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አማራጭ በነጥብ ተቀራራቢ ከሆኑ የተማሪው ምርጫ ብዙም አያሳስብም፣ በመካከላቸው ገደል ካለ ግን በዚያ አቋም የሚያዋጣው መንገድ አንድ ብቻ ስለነበር ጊዜ የሚጠፋው እዚያ ላይ መሆን ይገባዋል።

የጨዋታው መጨረሻ የራሱ መሣሪያ አለው። ንጉሦቹን ጨምሮ በሰሌዳው ላይ የቀሩት ቁራጮች ሰባትና ከዚያ በታች ሲሆኑ መልሱ ተሰልቶ ያለቀ ነው፤ ሲዚጂ የተባለው የሰባት ቁራጭ የመረጃ ቋት በ2018 ተጠናቋል። እዚህ ግምት የለም፤ ማሸነፍ፣ መሸነፍ ወይም አቻ ብቻ። አንድ ጳጳስና ጠርዝ ላይ ያለ ወታደር ይዞ፣ ጳጳሱ ወታደሩ የሚነግሥበትን ማዕዘን ቀለም የማይነካ ከሆነና የተጋጣሚው ንጉሥ እዚያ ከደረሰ፣ ሊያሸንፍ እንደማይችል የማያምን ተማሪ በዚህ ቋት ፊት ክርክሩን ያቆማል።

ለማሽኑ ቀላል የሆነው ለሰው ምን ያህል ሊሰወር እንደሚችል በኅዳር 2006 በጀርመን ቦን ላይ ታይቷል። የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላዲሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው ኢንጂን ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ በአንድ እንቅስቃሴ የሚመጣውን ቼክሜት ሳያይ ንግሥቱን አንቀሳቀሰ። ነጥብ ብቻ የሚያነብ ተንታኝ እዚህ የሚያገኘው «ከባድ ስሕተት» የሚል ቃል ነው። ሰሌዳውን የሚያይ ግን የነጭ ፈረስ ኤፍ8 ላይ ሆኖ የነጭ ንግሥት ቼክሜት የምትልበትን ኤች7ን መጠበቁን፣ ያም ለዓይን ያልተለመደ የማጥቂያ ቦታ መሆኑን ያስተውላል።

ይህ ሁሉ እርዳታ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ብቻ የሚፈቀድ ነው፤ በጨዋታ መካከል ኢንጂን መጠቀም ማጭበርበር ሲሆን፣ በውድድር አዳራሽ ስልክ ይዞ መገኘት ራሱ ሊያሸንፍ የሚችልን ተጫዋች ለሽንፈት ይዳርጋል። ልዩ የሆነው በደብዳቤ ይካሄድ የነበረው፣ ዛሬ በኢንተርኔት ለወራት የሚዘልቀው የርቀት ቼዝ ነው። በዓለም አቀፉ የርቀት ቼዝ ፌዴሬሽን ውድድሮች ኢንጂን ስለሚፈቀድ ተጫዋቾቹ ተንታኞች ሆነዋል፤ በላይኛው ደረጃ አብዛኛው ጨዋታም በአቻ ያልቃል።

በነገራችን ላይ የሻነን ንድፍ የማይገባበት ቼዝ በአገራችን ነበረ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታ ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እየተፈራረቁ መጫወትን መሠረት አድርጎ የሚያሰላ ኢንጂን ለዚያ ክፍል ነጥብ የሚሰጥበት መንገድ የለውም።