ከጠባብ የጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማገገም ምንድን ነው?

በጠባብ ቀዳዳ የሚደረግ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ታካሚው በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሐዋሳ ውስጥ ቤቱ ሲደርስ ታዲያ ሁለት ዓይነት ጠያቂ ይጠብቀዋል። አንዱ ፋሻውን አይቶ «ይህችማ ምን አላት፤ በሳምንትህ ሥራ ትገባለህ» ይላል፤ ሌላው እንደ አራስ አስተኝቶ ገንፎ ያቀርባል። ሁለቱም ለበጎ ብለው ነው፤ ሁለቱም ግን ይሳሳታሉ። ለምን እንደሚሳሳቱ ለመረዳት ሐኪሙ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ መሐሉ ለስላሳ ነው፤ ዙሪያውን ጠንካራ ሽፋን ያጥረዋል። ሽፋኑ ሲሰነጠቅ የመሐሉ ክፍል ሾልኮ ይወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። ብዙ ሰው የዲስክ መንሸራተት የሚለው ይህንን ነው። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫና በባት በኩል አንዳንዴም እስከ እግር ጣት ይዘልቃል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶም አልለቅ ሲል ወይም እግር እየደከመ ሲሄድ ነው።

የተንሸራተተ ዲስክ የእግር ሕመም እንደሚያመጣ ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ሲያሳዩ፣ ወደ ዲስኩ ለመድረስ ጀርባን በሰፊው መክፈትና ጡንቻን ከአጥንት መግፈፍ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳርጊልና ካስፓር የተባሉ ሐኪሞች በየፊናቸው በማይክሮስኮፕ እየታገዙ በትንሽ ቁስል መሥራት እንደሚቻል ጻፉ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ፎሊና ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ጡንቻውን ሳይቆርጥ በመካከሉ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አስተዋወቁ። እንግዲህ ቱቦው ከጉዳት ያተረፈው ጡንቻውን ነው። ዲስኩን በተመለከተ ሐኪሙ የሚያነሣው ሾልኮ የወጣውን ክፍል ነው፤ የተሰነጠቀው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቀራል። ዲስክ ደም በቅጡ ስለማይደርሰው ሽፋኑ ጠባሳ የሚያበጀው በዝግታ ነው። ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ በዚያው ቦታ ዳግመኛ ሊሾልክ ይችላል። ፋሻውን ብቻ ያየው ጠያቂ የማያውቀው ይህንን ነው።

አስተኝቶ የሚያበላው ደግሞ መራመድ ራሱ ሕክምና መሆኑን ዘንግቷል። ታካሚው ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ተነሥቶ ይራመዳል። ለዚህ ሐዋሳን የመሰለ ሜዳ ከተማ የለም ብል አላጋነንኩም። በመጀመሪያ ግቢ ውስጥ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ፣ በቀን ደጋግሞ፤ ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ፣ ኮብልስቶኑን ትቶ በአስፋልቱ ዳር፤ ሲበረታ ፀሐይ ሳይከር ከሐይቁ ዳር። ባጃጅ ግን ይቆይ፤ በፍጥነት መገደቢያ ላይ ሲዘል የሚሰማው መንገጫገጭ ለተቆረጠ ጀርባ አይመችም። ከአልጋ ሲነሡም በቀጥታ ቀና ማለት የለም፦ ጉልበትን አጥፎ፣ ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ በጎን አዙሮ፣ እግርን ወደ ወለል እያወረዱ በክንድ ገፍቶ መቀመጥ ነው።

ጎንበስ ማለት፣ ማንሣትና ወገብን መጠምዘዝ በተለይም ሦስቱ ሲገናኙ ለዲስክ ከባድ ናቸው። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ሳፋ ላይ አጎንብሶ ማጠብና ወለል መወልወልም ከእርሱ የሚተናነሱ አይደሉም። ለቡና በአጭር በርጩማ ላይ ሰዓት ሙሉ መቀመጥም እንዲሁ፤ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆኖ በየሃያ ደቂቃው መነሣት ይሻላል። ስግደትና ሶላትም ለጊዜው በመቆም ወይም በወንበር ላይ ይሆናሉ፤ የታመመን ሁለቱም ሃይማኖቶች አያስገድዱም።

ክልከላው ስንት ሳምንት ይቆይ በሚለው ላይ ሐኪሞች አንድ ቃል የላቸውም። አሜሪካዊው ሐኪም ካራጊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ታካሚዎቹን ያለ ገደብ ወደ ኑሯቸው ቢመልሳቸውም ውጤታቸው ጥሩ እንደነበር ዘግቧል፤ ብዙዎች ግን አሁንም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጥንቃቄ ያዝዛሉ። እኔ ለጀሪካን ተሸካሚ ጥንቃቄውን እመርጣለሁ።

የእግር ሕመም ቶሎ ይለቃል፤ መደንዘዝ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ነርቭ ሲያገግም አዝጋሚ ነውና። በዚህ ጊዜ «ወጌሻ ጋ እንውሰደው» የሚል አይጠፋም። ትኩስ የጀርባ ቁስልን ማሳሸት አደጋ ነው። ጡንቻ ማጠናከሩ ጊዜው ሲደርስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራ ነው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም ንጹሕ ፈሳሽ፣ ሲነሡ የሚብስ ራስ ምታት፣ የእግር መስነፍ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። ሽንት እምቢ ካለ ወይም በሁለቱ ጭኖች መካከል ከደነዘዘ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

የቢሮ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ሸክም ላይ የሚውል ሰው ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ለሚውል ግን ሸክም ባይኖርም መቀመጡ ራሱ ችግር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የዕረፍት ቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን እስከ ስንት ኪሎ ማንሣት፣ እስከ ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚፈቀድ እንዲጽፍ መጠየቅ ያዋጣል።