«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አንዴ ከአያት፣ አንዴ ከአስተማሪ፣ ሦስተኛውን ይባስ ብሎ ከሥራ ባልደረባዬ፦ «ልጅ አይደል? ይረሳዋል።» አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃናትን፣ ጎረምሶችንና ጎልማሶችን በሥነ ልቦና ሳክም አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ የደረሰበትን ክፉ ነገር ረስቶ የመጣ ልጅ አልገጠመኝም። የረሱትማ አይመጡም ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ እመለስበታለሁ። ቀላል ቀላሉን መጀመሪያ ላራግፍ።

«እዚያ የሚሄደው እብድ ነው።» አይደለም። ከሚመጡት አብዛኞቹ እንቅልፍ አጥተው የሚያድሩ፣ ጠዋት ግን ሥራቸው የሚገቡ ሰዎች ናቸው።

«ጠበል ይሻላል ወይስ ሕክምና?» አማርጡ ያላችሁ ማን ነው? ጠዋት ተጠምቃ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ የምትመጣ ሴት አለች። እስካሁን ማንም ቅር አልተሰኘም።

«ትራውማ አለብኝ።» ክፉ አጋጣሚ አእምሮ ላይ የሚተወውን ቁስል ማለት ነው። አባባሉ የወጣቶች ነው፤ ፈተና የወደቀውም ፍቅረኛው የተለየችውም ይለዋል። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ብዙው ሰው በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል ቀስ እያለ ያገግማል። ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋው አልፎ ሰውነቱ አላልፍ ላለው ነው፤ በር ሲጋጭ ለሚዘል፣ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ መቀመጥ ላቃተው፣ ቅዠት ለማይለቀው። የዚህ ተቃራኒ ስሕተት ደግሞ የወታደር በሽታ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። ይህ ከአደጋ በኋላ የሚቀር የጭንቀት ሕመም (PTSD) በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲገባ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጉዳይ ትልቅ ድርሻ ስለነበረው ስሙ ከጦር ሜዳ ጋር ተጣብቆ ቀረ። አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ቆይታ የተመለሰች፣ ስልክ ሲጮኽ እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ግን ጦር ሜዳ አልዋለችም።

«ሁሉን ዘርግፎ ካልተናገረ አይወጣለትም።» ይህ ጉዳት ያደርሳል። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ አስቀምጦ በአንድ ጊዜ ሁሉን ማስተረክ ተሞክሮ ሕመሙን እንደማይከላከል ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። መጀመሪያ ያለበት ቦታ ደኅና ይሁን፣ ይብላ፣ ይተኛ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይኑር። ታሪኩ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።

«ምክር ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ምክርማ ሽማግሌም አለ።» «የምክር አገልግሎት» የሚለው ስም ነው ያሳሳተው። እኔ የምመክረው እጅግ ጥቂት ነው። በሰው እጅ የቆሰለ ሰው የሚድነውም በሰው ነው፤ በእኔና በእሱ መካከል የሚሆነው ነገር ራሱ ሕክምናው ነው። አንድ ቀን ትራፊክ ይዞኝ የአሥራ አምስት ዓመት ታካሚዬን ሃያ ደቂቃ አስጠበቅኋት። ስገባ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳ ታያለች። «አስጠብቄሻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተናደሽ ከሆነ ልክ ነሽ» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ትልቅ ሰው ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት የሰጠኋት ምክር ሁሉ ቢደመር ያቺን ቀን አያክልም። በነገራችን ላይ ይህችው ልጅ በትምህርት ቤቷ «ባለጌ» ተብላ ሦስት ጊዜ ወላጅ አምጪ ተብላለች።

ወላጆች ደግሞ ልጃቸውን መኪና ጋራዥ እንደሚያስገባ ሰው አስረክበው «መቼ እንውሰደው?» ይላሉ። ልጁ ከእኔ ጋር የሚቆየው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። የቀረው የእናንተ ነው፤ ግቡና ተቀመጡ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ይረሳዋል»። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ቻውቺላ በምትባል ትንሽ ከተማ 26 ተማሪዎች ከነአውቶቡስ ሾፌራቸው ታገቱ፤ መሬት ሥር በተቀበረ የጭነት መኪና ውስጥ ተዘጋባቸው። ከ16 ሰዓት ገደማ በኋላ ራሳቸው ከፍተው ወጡ። ማንም አልሞተም፤ ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል ተባለ። ሊኖር ቴር የተባለች የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪም ከአራት ዓመት በኋላ ስታያቸው ግን ያገኘቻቸው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የአደጋው ምልክት ነበረባቸው። ጨዋታቸው ራሱ ተለውጦ ነበር፤ ያንኑ ነገር እየደጋገሙ ደስታ በሌለው ፊት ይጫወቱታል።

ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ። አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ እናቱ ጥቁር ለበሰች፣ ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው፤ ለልጁ ግን «አባባ አሜሪካ ሄዷል» ተባለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረስቶታል፤ ስሙንም አያነሳ» አለችኝ እናቱ። ያመጣችው አልጋው ላይ መሽናት ስለጀመረ ነው።

ልጁ ከመደርደሪያዬ የፕላስቲክ አውሮፕላን አነሳ። ከጠረጴዛው ሥር አሳረፈው፣ በሩን በጣቱ ጠቆመ፣ ጠበቀ። ማንም አልወረደም። አስነሣው፤ እንደገና አሳረፈው። አምስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ አደረገ። በስድስተኛው ቀና ብሎ «አሜሪካ ስልክ የለም?» አለኝ።

ይህ ልጅ አልረሳም። ዝም ያለው ስሙ በተነሣ ቁጥር የእናቱ ፊት ሲለዋወጥ ስላየ ነው፤ እንዳትከፋ እየተጠነቀቀላት ነበር። ለአዋቂ መርዶ በስንት ጥንቃቄ ነው የሚነገረው! ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ቆሞ። ለልጅ ግን አውሮፕላን ይፈጠርለታል። አብዛኞቹ ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ሞት መመለሻ እንደሌለው ይረዳሉ። ከዚያ በታች ያለውም ቢሆን ሰው እንደጎደለ ያውቃል።

ስለዚህ ንገሩት። የሚያምነው ሰው ይንገረው፣ ቁጭ ብሎ፣ በአጭሩ። «ሞቷል» በሉ። «ተኝቷል» አትበሉ፤ ማታ መተኛት ይፈራል። «አንተ ስላጠፋህ አይደለም» በሉት፣ ባይጠይቅም። እናንተም አልቅሱ፤ ማልቀስ እንደሚቻል የሚያየው ከእናንተ ነው። ያንኑ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ቢጠይቅ ሃያ ጊዜ ያንኑ መልስ ስጡት።

እናትየው ምንጣፌ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። እሱም አዳመጣትና «እሺ፣ ማታ ምንድን ነው የምንበላው?» አላት። ክው ብላ አየችኝ። ልጅ እንደ አዋቂ አርባ ቀን በተከታታይ አያዝንም፤ ትንሽ ያዝናል፣ ይጫወታል፣ እንደገና ይመለስበታል። በዚያው ሌሊት ትራሱን ይዞ እናቱ አልጋ መጣ፤ እስኪነጋ አለቀሱ። አልጋው ላይ መሽናቱ ወዲያው አልቆመም፤ ስምንት ወር ተመላልሰዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን አውሮፕላኑን ከጠረጴዛው ሥር አንሥቶ መደርደሪያው ላይ መለሰውና ኳስ አለሽ ወይ አለኝ። አልነበረኝም።